ሰው ይረሳል፤ ነፍጥ አይረሳም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሹ ለተሰበሰቡት ወላጆች፥ መምህራንና ተማሪዎች በ12ኛ ክፍል የታሪክ ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር የሥራ ድርሻ ለየክፍሉ ሲታደል፥ ለእኛ ለታሪክ ክበብ አባሎች የደረሰን «አባቶቻችን ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ዕቃዎች ሰብስባችሁ ለእንግዶች አሳዩ» የሚል ትእዛዝ ነበር። እኛም ደስ ብሎን ሥራውን ጀመርን። አንዱ የአያቱን የቀንድ ዋንጫ፥ አንዷ የእናቷን የጥጥ መዳመጫ፥ ሌላው አሮጌ መጽሐፍ ከነማኅደሩ አመጣ። ከመካከላችን አንድ ጓደኛችን ግን፥ «በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ባፈ ሙዙ የሚጎርስ የጥንት ነፍጥ ተሰቅሏል፤ አስፈቅጄ አመጣላችኋለሁ» ባለን ጊዜ የሌላው ሁሉ ዕቃ ከዓይናችን ጠፋ።

ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንነግራችሁ የዚያን ነፍጥ ነገር ነው። ነፍጡ ግን እዚህ የለም። በእጃችን የምታዩት ሁለት ምልክት የተደረገበት ቀጭን የባሕር ዛፍ በትር ብቻ ነው። ነፍጡ ስለ ምን እንደ ቀረ፥ በትሩስ ስለ ምን እንደ መጣ ኋላ እናወሳዋለን፤ አስቀድመን ግን ነፍጥ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚጎርስና ሰውን ሳይጎዳ እንዴት ይተኮስ እንደ ነበር መናገር ይገባናል። ይህንም የምንናገረው ማንም ሄዶ እንዲሞክረው አይደለም፤ በቤቱ ያለውን ነገር እንዲያውቅ ነው እንጂ።

እኛ የምንማርበት አምስት ኪሎ ለእንዲህ ያለ ጥናት የተመቸ ስፍራ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ጎረቤታችን ነው፤ ዕለት ዕለት በደጁ እያለፍን ወደ ውስጥ የምንገባው ግን ከስንት አንድ ጊዜ መሆኑን ያወቅነው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። ከዚያም ከታሪክ መምህራችን ጋር በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ ወርደን፥ በቸርችል ጎዳና ባለው በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ ተመለከትን። መምህራችንም፥ «ይህን ያህል ግዙፍ የሆነው መድፍና በጓደኛችሁ አያት ቤት የተሰቀለው ነፍጥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም የሚጎርሱት ባፋቸው ነው» አሉን። ጥናታችንን የጀመርነው ከዚህ ቃል ነው።

«ነፍጥ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በዐረብኛ መጀመሪያ ከምድር ለሚወጣ የሚነድድ ዘይት የተሰጠ ስም ነበር፤ ኋላ ግን ለባሩድም መጠሪያ ሆነ። «ባሩድ»ና «መድፍ» የሚሉትም ቃላት በዚያው በቀይ ባሕር መንገድ የመጡ ናቸው። ቃሉ በመጣበት መንገድ መሣሪያውም መጣ። በ1533 ዓ.ም. በዶን ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ነፍጥ ይዘው ወደ አገራችን ገቡ። ኢማም አሕመድም በበኩሉ ከቱርኮች ነፍጠኞች አስመጣና በ1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ድል አደረጋቸው፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ግን ዐፄ ገላውዴዎስ በወይና ደጋ ሲዋጉ ኢማሙ በፖርቱጋል ነፍጠኛ ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ነፍጥ የሌለው መኰንን ኀይለኛ ነኝ ሊል አልቻለም። የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1760ዎቹ ዓመታት ጎንደርን በእጁ ያደረገው ወደ ባሕሩ በር ቀርቦ ብዙ ነፍጠኞች ስላከማቸ ነው።

በዚያ ዘመን ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ አንድ ነገር ጽፏል። ከቤተ መንግሥት ሰዎች አንዱ በተኩስ ነገር ቢከራከረው፥ ብሩስ በነፍጡ እርሳስ በመጉረስ ፈንታ ግማሽ የሞራ ሻማ አጉርሶ ቢተኩስ ሦስት ጋሻ በሳ። ከዚያም ቀሪውን ግማሽ ተኩሶ የገበታ ሳንቃ በሳበት። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስናነበው ሳቅን። መምህራችን ግን፥ «ለስላሳ ሻማ ጋሻ ከበሳ፥ በነፍጡ ውስጥ የተረሳ ዘንግ ወይም የተወሸቀ ጨርቅ በሰው ላይ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁን። ነፍጥ የሚጎርሰውን አይመርጥም፤ በሆዱ የተገኘውን ሁሉ ይወረውራል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ነፍጥ አንድ ጫፉ የተደፈነ፥ አንድ ጫፉ የተከፈተ የብረት ቱቦ ነው። በተደፈነው ጫፍ አጠገብ እሳት የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ባሩዱም፥ እርሳሱም የሚገቡት በክፍቱ ጫፍ፥ ማለት ባፈ ሙዙ ነው። የእሳቱ አገባብ በሦስት ዘመን ተለዋውጧል። በመጀመሪያ ቀስ እያለ የሚነድድ ገመድ ነበረ፤ ነፍጠኛው ገመዱን እያጨሰ ይጓዝ ነበር። ቀጥሎ ባልጩት ከብረት ጋር ተጋጭቶ ፍንጣሪ የሚያወጣበት መጣ። በመጨረሻም መዶሻ መሰሉ ብረት ሲመታት ብልጭ የምትል ትንሽ የመዳብ ቆብ ተፈለሰፈች። የጓደኛችን አያት ነፍጥ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው።

ባሩዱ ከሦስት ነገር ይቀመማል። ከመቶው እጅ 75 ያህሉ ሳልፔተር የሚባል ጨው መሰል ነጭ ነገር ነው፤ 15 ያህሉ ከሰል፥ 10 ያህሉ ድኝ ነው። ይህ ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቈየ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ኀይሉን አያጣም። ይህን ነገር በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናችኋለን።

የጥንት ነፍጠኞች አንዱ ከሌላው እየተማረ ያቈዩት ሥርዓት ነበራቸው። መጽሐፍ አገላብጠን፥ ሽማግሌም ጠይቀን ያገኘነውን እንደሚከተለው አሰናድተነዋል።

አንደኛ፥ ነፍጥ ሁሉ ጎርሷል ብሎ መነሣት ነው። «ባዶ ነው» የሚል ቃል ከማንም ቢሰማ ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ በትር ነው። በትር ባፈ ሙዙ እስኪቆም ድረስ ይገባና ባፉ ትይዩ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ያው በትር ይወጣና በቱቦው ላይ በውጭ በኩል ይጋደማል። ምልክቱ ካፈ ሙዙ ላይ ሆኖ የበትሩ ጫፍ እስከ እሳቱ ቀዳዳ ከደረሰ ነፍጡ ባዶ ነው፤ ከቀዳዳው በፊት ከቀረ ግን በውስጡ አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ማንም ሰው ካፈ ሙዙ ፊት አይቆምም።

ሁለተኛ፥ ከተኰሱ በኋላ ቶሎ አለማጉረስ ነው። ከተኩሱ የቀረ የጨርቅ ፍም በቱቦው ውስጥ ተዳፍኖ ሊቈይ ይችላል። በርጥብ ጨርቅ ሳይወለወል አዲስ ባሩድ ቢፈስስበት፥ እርሳሱ ገና ሳይገባ እሳቱ ባፉ ወጥቶ የአጉራሹን ፊት ይለበልባል።

ሦስተኛ፥ ባሩድን ከቀንዱ ወደ ነፍጡ በቀጥታ አለማፍሰስ ነው። በትንሽ መስፈሪያ እየሰፈሩ፥ ቀንዱን ከድነው ወደ ጎን ካደረጉ በኋላ ነው የሚጨመረው። ፍም ቢኖር የሚነድደው የመስፈሪያው ባሩድ ብቻ ይሆናል፤ ከቀንዱ ቢያፈስሱት ግን እሳቱ በባሩዱ ዱካ ወጥቶ ቀንዱን በእጅ ላይ ያፈነዳዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለጤፍ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ባሩድ ያፈሰሰ ግን የሚለቅምበት እጅ እንኳ ላይተርፈው ይችላል።

አራተኛ፥ ልክን ማወቅ ነው። «ባሩድ ቢበዛ እርሳሱ ይርቃል» የሚል ሰው ብረቱ የሚችለውን አያውቅም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ለዛሬ ዘመን ጠመንጃ የተሠራውን ጭስ አልባ ባሩድ በጥንት ነፍጥ መጨመር ነው፤ ኀይሉ ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ ስለሚበልጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

አምስተኛ፥ እርሳሱ ከባሩዱ ጋር እስኪገናኝ ድረስ በዘንግ መጎሰም ነው። በመካከል ባዶ ስፍራ ከቀረ እርሳሱ እንደ ውታፍ ይሆንና ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነፍጠኛ በመጎሰሚያው ዘንግ ላይ ሁለት ምልክት ያደርጋል፤ አንዱ ነፍጡ ባዶ ሲሆን፥ ሁለተኛው በልኩ ሲጎርስ ዘንጉ የሚደርስበትን ያሳያል። ዘንጉን አይቶ ብቻ የነፍጡን ሆድ ያውቃል ማለት ነው።

ስድስተኛ፥ ሰውነትን መጠበቅ ነው። ሲያጎርሱ አፈ ሙዙ ከራስም ከባልንጀራም ፊት ዞር ይላል። ዘንጉ የሚያዘው በጣቶች ነው፤ በመዳፍ አይደፋም፥ ራስም ባፈ ሙዙ ላይ አያጐነብስም። ጎስመው ሲጨርሱ ዘንጉን አውጥተው በቦታው ይመልሳሉ። በጦርነት ጭንቀት ዘንጉን በውስጡ ረስተው የተኰሱ ብዙዎች ነበሩ፤ ዘንጉ እንደ ፍላጻ ይሄድና ነፍጠኛው ከዚያ በኋላ የሚጎስምበት ያጣል።

ሰባተኛ፥ የመዳቧ ቆብ ወይም የቀዳዳው ባሩድ መጨረሻ ላይ፥ ሊተኩሱ ሲሉ ብቻ መደረጉ ነው። እሳት የሚጠራው ነገር አስቀድሞ ከተቀመጠ፥ መጎሰሙ ሁሉ በሞት አፍ ላይ መሥራት ነው።

ስምንተኛ፥ ነፍጡ እንቢ ሲል መታገሥ ነው። ቃታው ወድቆ ተኩሱ ባይሰማ፥ እሳቱ በውስጥ ቀስ ብሎ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አፈ ሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ አንድ ደቂቃ ያህል ይቈያሉ። «ምን ነካው?» ብሎ ባፉ በኩል የሚመለከት ሰው መልሱን ሲያገኝ የሚነግርበት ጊዜ አይኖረውም።

ይህ ሥርዓት በቤት ውስጥ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በዘመቻና በጠረፍ ግን ሌላ ነው። በደጋ ዝናሙ ባሩዱን ያረጥበዋል፤ ስለዚህ የእሳቱን ስፍራ በቁርበት ሸፍነው፥ ቀንዱን በልብሳቸው ውስጥ ይዘው ይጓዙ ነበር። በቈላ ደግሞ ከነፍጡ ተስፈንጥሮ የሚወድቀው የጨርቅ ፍም የደረቀውን ሣር ያቃጥላል። ማታ በሰፈር ዙሪያውን እሳት ይነድዳል፤ ባሩድ የያዘ ሰውም ብርድ ቢመታው ወደ እሳቱ መጠጋት ያምረዋል። ጠላት በፊት ሲመጣ፥ ወይም አውሬ ከቈጥቋጦ ሲወጣ፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ልብም «አጉርሼ ነበርን ወይስ አላጎረስሁም?» ይላል። አደጋው ሁሉ የሚጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ለዚህ የሚያሳዝን ምስክር በገዛ ታሪካችን አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚስዮን ሰዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን ስላደግን ይህ ነገር በተለየ አሳዘነን፤ ወንጌልና የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች መድፍ እንዲያፈስሱ ተገደዱ። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው፤ በሰው ጉልበት ገደል ለገደል ተጐትቶም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የስቅለት ዕለት፥ የእንግሊዝ ጦር በአሮጌ ሜዳ ሲታይ ንጉሡ በፋላ ኰረብታ ላይ መድፎቻቸውን አስጠመዱ። በመቅደላ እስረኛ የነበረው ሐኪም ብላንክ እንደ ጻፈው፥ «ቴዎድሮስ» የሚባለው ትልቁ መድፍ ሁለት ሙሉ ጕርሻ በአንድ ጊዜ ስለ ተጨመረበት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የስንት ወር ድካም በአንድ ሰው መርሳት ጠፋ።

በሜዳው ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። የንጉሡ ወታደሮች ነፍጥ አብዛኛው ባፉ የሚጎርስ ነበር። የለመደ ሰው እንኳ በአንድ ደቂቃ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኩስበትም። ከእንግሊዞቹ አንዱ ሬጅመንት የያዘው ግን በኋላው በኩል የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር፤ ይህም በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል። በዚያ ቀን ከንጉሡ ወገን 700 ያህል ሰዎች ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ንጉሡም ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ወታደሮቻቸው በጀግንነት አላነሱም፤ ያነሱት በጊዜ ነው። ባላገር እንዲህ ያለውን አዝጋሚ መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያለ ይቀልድበታል፤ በአሮጌ ሜዳ ግን ቆሞ የጠበቀ ጠላት አልነበረም። አገራችንም ትምህርቱን አልረሳችም፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፆች በተማረከው፥ ኋላም ተገዝቶ በመጣው አዲስ ጠመንጃ ተደራጅታ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረገች። ነፍጡም ከዘመቻ ወጥቶ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

«መድፉን በእጥፍ ያጎረሱት ሰዎች ሰነፎች ቢሆኑ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፥ የአሜሪካንን ነገር እንንገረው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፥ በእኛ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም.፥ ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከሜዳው 27,574 ጠመንጃ ተለቀመ። ከዚህ ውስጥ 24,000 ያህሉ እንደ ጎረሰ ነበር። ከጎረሱት እኩሌታ ያህሉ ሁለት ጕርሻ ነበረባቸው፤ ከሦስት እስከ ዐሥር ጕርሻ የነበረባቸውም ብዙ ሺህ ነበሩ። በአንዱ ጠመንጃ ውስጥ 23 ጕርሻ ተገኘ! ወታደሩ በሁካታ መካከል ነፍጡ እንዳልተኰሰ አላወቀም፤ እያጎረሰ፥ ቃታ እየሳበ፥ ደግሞ እያጎረሰ ቈየ። በትምህርትና በልምምድ የተሰለፈ ሰው እንዲህ ከረሳ፥ እኛስ?

እንግዲህ ወደ በትራችን እንመለስ። አንድ ቅዳሜ አምስት ሆነን በአራዳ፥ በሠራተኛ ሠፈር ወዳለው ወደ ጓደኛችን አያት ቤት ሄድን። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ተቀበሉን፤ ዳቦ ተቈረሰ፥ ቡናም ተፈላ። ነፍጡ ከአልጋቸው ራስጌ በላይ ተሰቅሎ ነበር። የአያታቸው እንደ ነበረ፥ በዓባይ በረሓ እንደ ታደነበት፥ ከዚያ ወዲህ ግን ማንም እንዳልተኰሰበት አጫወቱን። «ባዶ ነው፤ ስንት ዘመን የተሰቀለ ነገር!» አሉን። የሚያውቁትን በእውነት መናገራቸው ነበር።

እኛም ለዚህ ንግግር ምሳሌ እንዲሆነን ብለን፥ ከግቢው ቀጭን የባሕር ዛፍ በትር ቈርጠን የበትሩን ምስክርነት ለማየት ፈለግን። ነፍጡ በመደብ ላይ ተጋድሞ አፈ ሙዙ ወደ ጭቃው ግድግዳ ዞረ። አንዳችን በጎን ሆኖ በትሩን አስገባ፤ ምልክትም አደረገ። በውጭ በኩል ቢያጋድሙት የበትሩ ጫፍ ከቀዳዳው ስድስት ጣት ያህል ቀረ። በበትሩ ላይ የምታዩት ሁለተኛው ምልክት መድረስ የነበረበትን ስፍራ የሚያሳይ ነው።

ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ጓደኛችን ፊቱ ተለውጦ ቀስ ብሎ ተናገረ። ልጅ ሳለ፥ አያቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያን ነፍጥ እያወረደ ይጫወትበት ነበር። የክብሪት ራስ ከቆቡ ስፍራ ላይ እያደረገ ቃታውን ሲስበው ጠሽ ይላል። የሚያነጣጥረውም በታናሽ እኅቱ ላይ ነበር፤ እርስዋም እየሳቀች «ሞትሁ!» ብላ ትወድቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ያዳናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሳቱ ቀዳዳ በዝገትና በአቧራ ተደፍኖ ነበር።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ነፍጡን ወደ ግቢ አውጥተው ሊያራግፉት እጃቸውን ዘረጉ። ጓደኛችን «አባባ፥ እባክዎ አይንኩት!» አላቸው። እርሳቸውም ተቈጥተው፥ «እናንተ ትናንት የተወለዳችሁ እኔን ነፍጥ ልታስተምሩኝ ነው?» አሉ። በእውነት ያን ጊዜ አፈርን። ሽማግሌ መቃወም በቤታችን ያልተማርነው ነገር ነው፤ ዝም እንበል ብንል ደግሞ የሚሆነውን አላወቅንም። አንዲት እኅታችን ግን ጐንበስ ብላ በትሩን በሁለት እጅዋ አቀረበችላቸውና፥ «አባባ፥ እኛን አይመኑን፤ እርስዎ ራስዎ ይለኩት» አለች። ሽማግሌውም በትሩን ተቀበሉ፥ በጎን ሆነው ለኩ፥ ደግመውም ለኩ። ከዚያ በመደቡ ጫፍ ተቀምጠው፥ «ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ነብር ከራስጌዬ አስሬ ኖሬአለሁ» አሉ።

ለመምህራችን ደወልን፤ እርሳቸውም «ማንም እንዳይነካው፥ ከቤቱም ውጡ» ብለው ለፖሊስ አስታወቁ። ከፖሊስ ጋር የመጣው የመሣሪያ ባለ ሙያ በቱቦው ውኃ ጨምሮ ባሩዱ እንዲርስ አደረገ፤ በማግስቱም ጫፉ እንደ ቡሽ መንቀያ በተጠማዘዘ ብረት የጎረሰውን እያወጣ በወረቀት ላይ ደረደረው። በመጀመሪያ የጨርቅ ውታፍ፥ ቀጥሎ በዕድሜ ብዛት የነጣ እርሳስ፥ ቀጥሎም እንደ ጭቃ የሆነ ጥቁር ባሩድ ወጣ። አበቃ ስንል፥ እንደ ገና ውታፍ፥ እንደ ገና እርሳስ፥ እንደ ገና ባሩድ ወጣ። ነፍጡ እንደ መቅደላው መድፍ በእጥፍ ጎርሶ ነበር። አንድ ሰው አጉርሶት ረሳው፤ ወይም ሌላው ሳያውቅ ደገመበት። ያ ሰው ከሞተ ስንት ዘመን ሆነው፤ ነፍጡ ግን አደራውን ይዞ ቈየ።

ነፍጡ እዚህ ያልመጣበት ምክንያት ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ጣቢያ ሄደው ጉዳዩን አስመዝግበዋል። ፈቃድ ሳይኖረን ወደ ትምህርት ቤት ይዘነው ብንመጣ ኖሮ ጥፋቱ በሕግም በሕይወትም ነበር። አሳባችንን እንመስክር፦ ነፍጡን በዚህ መድረክ ይዘን እንድንቆም፥ አንዳችንም ለማስቂያ ያህል ቃታውን እንዲስብ ተመካክረን ነበር። ስድስት ጣት ያህል በትር ከዚህ አዳነን።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ውድ ጓደኞቻችን፤ እንግዲህ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። በቤታችሁ፥ ወይም በገጠር ባለው በዘመዶቻችሁ ቤት፥ የአባት መታሰቢያ ተብሎ የተሰቀለ አሮጌ መሣሪያ ካለ ባዶ ነው አትበሉ። ለልጅ መጫወቻ አትስጡ፥ ወደ ሰውም አታዙሩ፥ እሳትም አታቅርቡለት። ራሳችሁ ልታራግፉት አትሞክሩ፤ አፈ ሙዙ ሰው ወደሌለበት እንደ ዞረ ትታችሁ ለፖሊስና ለባለ ሙያ አስታውቁ። በሥርዓት ከተራገፈ በኋላ ታሪክነቱ አይቀንስም፤ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ቢጠበቅ ወይም ለሙዚየም ቢሰጥ የአባት ስም በክብር ይነሣበታል።

እኛ ከዚህ ሥራ የተማርነው ታሪክን መውደድ ብቻ አይደለም። ታሪክ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን ያላየነው ነገር በሆዱ ሊኖር እንደሚችል አወቅን። መርምሮ መያዝ ታላቆችን መናቅ አይደለም፤ አባባም ራሳቸው በትሩን በተቀበሉ ጊዜ ይህን አስተማሩን። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተመርቀን እንወጣለን። በትሩን ግን ለታሪክ ክበብ ትተን እንሄዳለን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን ሁለቱን ምልክቶች አይተው «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ቢጠይቁ፥ ይህን ታሪክ ንገሩልን።

ጓደኛችን ታናሽ እኅቱን ዛሬ ይዟት መጥቷል፤ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት።